የቀበሌ ምርጫ የት ገባ?

ዴሞክራሲ የሚሞተው ወታደር ሬዲዮ ጣቢያ ሲይዝ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። የሃንጋሪው ኦርባን ግን በምርጫ ሥልጣን ይዞ፣ ሕግ እያሻሻለ ነው ፍርድ ቤቱንና ሚዲያውን በእጁ ያስገባው። እኛ ጋ ያን ያህል መልፋትም አላስፈለገም። ማራዘም፣ ከዚያ ዝም ማለት በቂ ሆነ።

ለመሆኑ ጁገል ውስጥም ሆነ ሸዋ በር፣ ለቀበሌያችሁ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጣችሁት መቼ ነው? ሚያዝያ 2005! የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 አለቀ። ፓርላማው አራዘመው፤ ደግሞም አራዘመው። መስከረም 20 ቀን 2014 እኛ ሐረሮች የመረጥነው ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ነው፤ ቀበሌው ተረሳ። በ2005 የተወለደ ልጅ እኮ ጺም ሊያወጣ ነው።

«ያኔስ ምን ምርጫ ነበር?» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ3.6 ሚሊዮን ወንበር ከ5ቱ በቀር ጠቅልለው ወስደዋል። ታዲያ ቀልድ ሆኖ ስለነበር ጭራሽ ይቅር?

መታወቂያ የሚሰጠን፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልን ቀበሌ ነው። ውሃ ለቀናት ስትጠፋም መጀመሪያ የምንጮኸው እዚያው ነው። ሊቀመንበሩ ግን የሚፈራው እኛን ሳይሆን የሾመውን ነው። እድራችን እንኳ ሰብሳቢውን ይመርጣል!

ሲቪክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ገልጣችሁ አንብቡት። ሕዝቡ በታችኛው እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። የክልል ምክር ቤት አባላችሁን መንገድ ላይ ስታገኙት ከሰላምታው ቀጥሎ ይህን ጠይቁልኝ፦ የቀበሌው ምርጫ መቼ ነው?