ሳቅ ያበላል ወይ?

ባለፈው ሳምንት ኢተያ፣ አባቴ ቤት ነበርኩ። የስንዴ አጨዳ ጊዜ ስለሆነ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ኮምባይነር ነው። ማታ ቡና ተፈልቶ ቁጭ እንዳልን፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የሆነችው የእህቴ ልጅ ተነሥታ ኮምባይነር የሚያገናኘውን ደላላ ሆና መጫወት ጀመረች። በሁለት ስልክ ለአንዱ «መንገድ ላይ ነኝ»፣ ለሌላው «ደርሻለሁ» ትላለች። ቀጥላ ደግሞ ወረፋ እየጠበቁ በጭላሎ በኩል ደመናውን የሚሰልሉትን ባልቴት ሆነች። አባባ በጋቢያቸው ጫፍ ዕንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ሳቁ ሳይበርድ፣ «ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቴአትር ነው የምማረው። አስቂኝ ፊልም እጽፋለሁ፣ ራሴም አዘጋጃለሁ» አለች። ቤቱ ጭጭ አለ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ልጄ፣ ሳቅ ያበላል ወይ?» አሏት። ደብተሯን ይዛ ወጣች።

እህቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺን ትሰማለች፤ ምከሪያት» አለችኝ። መጀመሪያ ከእህቴ ጋር ማውራት ነበረብኝ።

በአገራችን ቴአትር ጅማሬ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። አስናቀች ወርቁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መድረክ ላይ ስትወጣ፣ ለሴት ልጅ ተዋናይነት እንደ ነውር የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። ዛሬ ስሟን በክብር እንጠራለን። ኋላ የመጡት ደግሞ ሌላ ሰው የጻፈውን በመጫወት ብቻ አልተወሰኑም። ተዋናይት አዜብ ወርቁ ጸሐፊም ናት፤ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ሴቶች የሆኑበትን፣ ግድያና ሳቅ የተቀላቀለበትን የፈረንሳይ ተውኔት «8ቱ ሴቶች» ብላ ወደ አማርኛ መልሳዋለች።

ከዚያ የናይጄሪያዋን ፉንኬ አኪንዴሌን አነሣሁላት። እናቷ ሐኪም፣ አባቷ ርዕሰ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በጀመረ የወጣቶች ተከታታይ ድራማ ታወቀች። በ2008 «ጀኒፋ»ን ራሷ ጽፋ ራሷ ተጫወተችው። ጀኒፋ ከገጠር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከከተሜዎቹ ለመመሳሰል የምትጣደፍ ልጅ ናት፤ ሰው ይስቅባታል፣ ወላጅ ግን ይደነግጣል። ፉንኬ ቆይታ ወደ ዝግጅቱም ገባች። በ2023 ከሌላ አዘጋጅ ጋር የሠራችው «ኤ ትራይብ ኮልድ ጁዳ» በሲኒማ ቤቶች ከ1 ቢሊዮን ናይራ በላይ ያስገባ የመጀመሪያው የናይጄሪያ ፊልም ሆነ። በፊልሙ 5 ወንዶች ልጆች ያሏትን እናት ሆና ትጫወታለች።

እህቴ ቢሊዮኑን አልሰማችውም። የሰማችው ከ1998 እስከ 2023 ያለውን 25 ዓመት ነው። «እስከዚያ ምን ትበላለች?» አለች። እውነቷን ነው፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። ልጅቷን ጠርተን ሁለቱንም፣ ቢሊዮኑንም 25 ዓመቱንም ነገርናት። የተስማማነውም እንዲህ ነው፦ የትምህርት ምርጫዋን እሷው ትሞላለች፤ ከትምህርቷ ጎን ለጎን ግን ፊልም ማቀናበርን የመሰለ፣ ሚና በጠፋ ጊዜ እንጀራ የሚያስገኝ ሙያ ትይዛለች። ከሁሉ በፊት ደግሞ በደብተሯ የጀመረችውን ታሪክ ጨርሳ ለቤተሰቡ ታነባለች።

በሁለተኛው ቀን ማታ አነበበች። ደላላውም፣ ባልቴቷም አሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ዕንባቸው እስኪፈስ ይስቁና ድንገት ኮስተር ብለው «ሳቅ ያበላል ወይ?» ይላሉ። ሁላችንም ወደ አባባ ማየት ፈራን።

አባባ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔ እንዲህ ነው የምናገረው?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው የእኔን ድርሻ ጨምሪበት፤ አንሷል።»

እናንተስ ቤት የሚያስቃችሁ ልጅ ምን ልሁን ይላል? ከመከልከላችሁ በፊት እስኪ የጻፈውን አስነብቡት። ቸር እንሰንብት።