ልምድ ደሞዝ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ጀማሪ አማካሪዎች ነን። ማንን እንደምናማክር ግን አትጠይቁን። ጠዋት 2፡30 ቢሮ እንገባለን። እስከ ምሳ ከመስክ የመጣ ዳታ ኤክሴል ላይ እናጸዳለን፤ ከሰዓት የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ እንገለብጣለን። 11፡30 ላይ ቦርሳችንን ስናነሳ «ደንበኛው ነገ ጠዋት ይፈልገዋል» ይባላል። ማታ 3 ሰዓት ፓወር ፖይንት ላይ ቀስት እናቃናለን። ሪፖርቱ በማን ስም እንደሚወጣ መቼም አይጠፋችሁም።

የትርፍ ሰዓቱን ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ልምድ እያገኛችሁ አይደል?»

ልምድ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሕጉም በክፍያነት አያውቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው እስከ ማታ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ በኋላ በ1.75፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በ2 ይባዛል።

«አማካሪ እኮ የሥራ መሪ ነው፤ አዋጁ አይመለከታችሁም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ አዋጁ የሥራ መሪን አይጨምርም። የሥራ መሪ ግን ፖሊሲ የሚያወጣ፣ የሚቀጥርና የሚያሰናብት ነው። እኛ የምንመራው አንድ የኤክሴል ፋይል ነው! የቢዝነስ ካርድ ላይ የተጻፈ ማዕረግ ሥልጣን አይሆንም።

ሥራ ጠልተን አይደለም። ለሌላው መሥሪያ ቤት ስለ «ምቹ የሥራ ሁኔታ» ምክር የሚሸጥ ቢሮ፣ ከራሱ ይጀምር ነው የምንለው።

አማካሪ ከተባልን አይቀር፣ ለእናንተ ለጓደኞቻችን አንድ ምክር በነፃ፦ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል።