ማጭበርበር ወይስ ቸልተኝነት? የሁለቱ ቢጫ ካርዶች ነገር

በ2007 ዓ.ም. የአሜሪካው ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ቡድን የጨዋታ ኳሶቹን አየር አስቀንሷል ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኛ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የራሳችን ጉዳይ አለን።

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ አገር በእልልታ ተሞላ። በዚያው ቀን ግን ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ፣ መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቦትስዋና ጋር በተደረጉት ግጥሚያዎች ቢጫ ካርድ አይቶ ነበር። በሕጉ መሠረት አንድ ጨዋታ ማረፍ ሲገባው ሰኔ 1 ቀን ከቦትስዋና ጋር ተሰለፈ። 2 ለ 1 ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፤ 13 የነበረው ነጥባችን 10 ሆነ፤ 6,000 የስዊስ ፍራንክ ቅጣትም ተጨመረ።

ታዲያ ይህ ማጭበርበር ነው? ማጭበርበር አውቆ ማድረግን ይጠይቃል፤ ፌዴሬሽኑ ደግሞ ስሕተት መሆኑን አምኗል። ስለዚህ «አጭበረበሩ» ብሎ መፍረድ ከባድ ነው። ነገር ግን «አላወቅንም» ማለት ለቦትስዋና ምን ይጠቅማል? መጫወት በማይገባው ሰው የተሸነፈ ቡድን፣ ታስቦም ሆነ ሳይታሰብ ተጎድቷል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ የተወዳዳሪን አክሊል ከሕጉ ጋር ያያዘው ያለ ምክንያት አይደለም (2ኛ ጢሞ. 2፥5)።

ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ኳስ የሚጫወቱ የላስታ ልጆችን አስቡ። ዳኛ የላቸውም። «በእጅህ ነካህ» ሲባል የሚያምን አለ፣ ምሎ የሚክድም አለ። ነገ ለጨዋታ ቀድሞ የሚጠራው የትኛው ይመስላችኋል?

ዋልያዎቹ ጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በንጹሕ ነጥብ መሩ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ ብታስቀራቸውም ያ መሪነት ማንም የማይከራከርበት ሆነ።

ወገኖቼ፣ እኛስ? የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ሲጎድል፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲዛባ «ሳላውቅ ነው» ብለን እናልፋለን? ወይስ ማንም ሳይደርስብን ነጥቡን ለባለቤቱ እንመልሳለን? ከተያዙ በኋላ ማመን መልካም ነው፤ ሳይያዙ ማመን ግን ይበልጣል።

ጌታ ልባችንን ቅን ያድርግልን።