«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ያለው ማነው?

አንድ ባልደረባችን በቅርቡ ከአንድ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ቻርጀር ገዛ። ሻጯ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ስትለው እንደ ብዙዎቻችን «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀነሰችለት፣ ከፈለ፣ ሄደ። ቻርጀሩ በሦስተኛው ቀን መሥራት አቆመ። ይዞት ተመለሰ። ልጅቷ ብዙም ሳትከራከር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ አሳየችው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም»። ሲጨቀጭቃት ጊዜ ግን እውነቱን ነገረችው። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ተቀጣሪ ነኝ። ብመልስልህ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» አለችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሲያልፍ ሱቁ ታሽጓል። ልጅቷ አጠገቡ ካለች ጀበና ቡና ቁጭ ብላለች። «ዋጋ ጨምራችኋል ተብሎ ነው» አለችው። እስኪከፈት ድረስ ደመወዝ እንደማይታሰብላትም ተነግሯታል። ባልደረባችን ገንዘቡን አላገኘም፤ ልጅቷም የቀን ገቢዋን አጣች። ከእርምጃው ማን ተጠቀመ?

ጥያቄው የአንድ ሱቅ ብቻ ቢሆን ባላነሳነው ነበር። ግን ሸማችን ከነጋዴ፣ ሠራተኛን ከአሠሪ ለመጠበቅ በአገራችን የሚወሰዱ እርምጃዎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው። ጥፋተኛውን ለመቅጣት ይነሳሉ፤ የተበደለውን ግን ሳይክሱት ያልፋሉ። የተበደለው ደግሞ በሁለት መዝገብ የተጻፈ አንድ ሰው ነው። ጠዋት ቆጣሪው ኋላ ቆማ ስትሸጥ የዋለችው ሠራተኛ ማታ ዘይትና ጤፍ ስትገዛ ሸማች ትሆናለች።

ሕግ አጥተን ነው እንዳንል ሕጉ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ዕቃ አገላብጦ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ከስድብና ከማስፈራራት ይጠበቃል። (መርካቶ «ካልገዛህ ለምን ነካህ?» ተብላችሁ የምታውቁ ይህቺን አንቀጽ ያዙልን።) ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት አለበት። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ደግሞ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ታዲያ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ያለው ማነው? ሕግ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። ነጋዴ ወረቀት ስለለጠፈ አዋጅ አይሻርም።

የሠራተኛው ሕግም እንደዚያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይገድባል። ከዚያ በላይ ለሠራ ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይታሰባል፤ በቀን ከሆነ በአንድ ተኩል፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ ደግሞ በሁለት ተኩል ተባዝቶ። የመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት ለ16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያበቃል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍ ካልሆነም አይጸናም። ስለዚህ «ለስድስት ወር ሙከራ ላይ ነሽ» በቃል ተብላችሁ ከሆነ በሕግ ዓይን ሙከራ ላይ አይደላችሁም።

የሱቋ ልጅ የማታውቀው ሌላም ነገር አለ። ሠራተኛ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ እያለ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ቢስተጓጎል ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው ይኸው አዋጅ ይናገራል። ሱቁ የታሸገው በባለቤቱ ጥፋት ከሆነ የልጅቷ ደመወዝ የሚቆምበት ምክንያት የለም። አሠሪው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተፈቀደለት፣ ሠራተኛውም በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ አይችልም። ይሁን እንጂ ሊያሽግ የመጣው የንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ «እዚህ ስንት ሰው ተቀጥሮ ይሠራል? ደመወዛቸውስ?» ብሎ ሲጠይቅ አንሰማም። እሱ የመጣው ለዋጋ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ የሌላ ቢሮ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዋጋ በአንድ ጀንበር ጨመረ። ያን ሰሞን የንግድ ቁጥጥር ቡድኖች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ አሸጉ። ያለ ምክንያት ዋጋ የቆለለና ዕቃ የደበቀ ነጋዴ መቀጣት አለበት፤ በዚህ ከመንግሥት ጋር ክርክር የለንም። ግን ማሸግ የሚታይ እርምጃ እንጂ የሚክስ እርምጃ አይደለም። በዜና ላይ «ይህን ያህል ሱቆች ታሸጉ» የሚል ቁጥር እንሰማለን። «ለይህን ያህል ሸማቾች ገንዘባቸው ተመለሰ» የሚል ዜና ግን መቼ ሰማችሁ? ዘመቻው ሲያልፍ ሱቁ ይከፈታል፤ ወረቀቱም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው።

ለነጋዴውም ፍትሐዊ እንሁን። ቸርቻሪው ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚያመጣው ራሱ ደረሰኝ ከማይሰጥ ጅምላ ሻጭ ነው። ደረሰኝ የሌለውን ግዢ በደረሰኝ ልሽጥ ቢል ሒሳቡ አይገጥምለትም። የተበላሸውንም ልመልስ ቢል እሱ ለማን ይመልስ? የሱቅ ኪራዩ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ከሰንሰለቱ ጫፍ ካለችው ሻጭ ሳይሆን ከላይ፣ ከአስመጪውና ከጅምላ መጋዘኑ ነው። ከታች ብቻ ማሸግ ቧንቧው ከላይ ተበስቶ ወለሉን እንደ መጥረግ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ የምንጠይቀው እኛው ነን። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የቀረልን ይመስለናል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው። ደረሰኙ ለመንግሥት የሚሰጥ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ «ከዚህ ሱቅ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ዋጋ ገዝቻለሁ» የሚል ማስረጃችን ነው። እሱን በቅናሽ ስንለውጠው የ15 ቀን መብታችንን አብረን ሸጥነው ማለት ነው። ሌላም አለ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ቤት ብዙውን ጊዜ ሠራተኛውንም በመዝገብ አይዝም። ሽያጩ ከተደበቀ ደመወዙም ይደበቃል፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት ጡረታም አይገባም። እኛ ያገኘነው ቅናሽ ከፊሉ የወጣው ከዚያች ልጅ የነገ ጡረታ ነው።

በስልክ የሚገዛውስ? ዛሬ ብዙዎቻችሁ ጫማና ልብስ የምትገዙት ከቴሌግራም ቻናልና ከቲክቶክ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ዋጋው ግን «በኢንቦክስ» ነው። ፊት ለፊት ለሚገባ ሸማች ዋጋ ለጥፍ የሚባል ነጋዴ በስክሪን ለሚገባው ለምን ይደብቃል? በቴሌብር ይከፈላል፣ ዕቃው በሞተር ይመጣል፣ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፤ ከዚያ «ብሎክ» ትደረጋላችሁ። አድራሻ የለ፣ የንግድ ፈቃድ የለ፣ የሚታሸግ በር እንኳ የለ። በማሸግ ላይ የቆመ ቁጥጥር በር በሌለው ገበያ ምን ያደርጋል? ዕቃውን የሚያመላልሰው የሞተረኛ ልጅም ቢሆን ተቀጣሪ ይሁን የራሱ ሥራ ባለቤት፣ ቢወድቅ ማን እንደሚያሳክመው ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቅም።

የገቢውን ነገር ሳናነሳ የሸማች መብት ማውራት ደግሞ ግማሽ ወሬ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከሥራ ግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር አድጓል። መልካም ነው። በግል ሱቅ፣ በካፌ፣ በጋርመንት ፋብሪካ የሚሠራው ወጣት ግን ወለል የለውም። አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን እያጠና በየጊዜው የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር መንገዱን ከፍቶ ነበር። ዓመታት ቢቆጠሩም ለግሉ ዘርፍ ወለል ተቆርጦ ሥራ ላይ ሲውል አላየንም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን ደጋግሞ አንስቷል። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃ ሰው ርካሹን እንጂ ጥሩውን አይመርጥም፤ ደረሰኝም አይጠይቅም። «የመምረጥ መብት» የሚባለው ኪስ ሲኖር ነው።

የቤት ሠራተኞችንም እንዳንረሳ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያበስሉ፣ የሚያጥቡ፣ ልጅ የሚያሳድጉ እህቶቻችን ከዚህ አዋጅ ውጪ ናቸው፤ ጉዳያቸው በደንብ ይወሰናል ተብሎ ነው የተተወው። ስለ መብታችን በስልክ ስንጽፍ ሻይ የምታቀርብልን ልጅ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠራ እስቲ እንቁጠር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመንግሥት የምንጠብቀው አዲስ አዋጅ አይደለም፤ ያለው ይሥራ ነው። አንደኛ፣ ሱቅ ሲታሸግ የሠራተኛው ደመወዝና የሸማቹ ገንዘብ እንዴት እንደሚከፈል በዚያው ትእዛዝ ላይ ይጻፍ። የንግድ ተቆጣጣሪውና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው አብረው ይግቡ፤ በሩ አንድ ነውና። ሁለተኛ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ከየግድግዳው ይነሳና በቦታው የ15 ቀኑ መብትና የአቤቱታ ስልክ ቁጥር ይለጠፍ። ስልኩም ሲደወል ይነሳ! ሦስተኛ፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሁሉ ስሙን፣ የንግድ ፈቃዱንና ዋጋውን እንዲያሳይ ይደረግ። አራተኛ፣ የደመወዝ ቦርዱ ነገር ከመሳቢያ ይውጣ።

ከእናንተ ደግሞ ሁለት ወረቀት ብቻ እንጠብቃለን። ስትገዙ ደረሰኝ፣ ስትቀጠሩ ውል። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ባይሰጣችሁም መብታችሁ አይቀርም። የገባችሁበትን ሰዓት መዝግቡ፣ ደመወዝ የገባበትን መልእክት አታጥፉ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ እንደሚታገድ እወቁ፤ «ይሁን፣ ይከፍለኛል» እያላችሁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅም አትርሱ። «ለፍርድ ቤት የሚሆን ገንዘብ የለኝም» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው አስቀርቷልና።

ያቺ ልጅ ሱቁ ሲከፈት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ነገም አንድ ሰው የተበላሸ ዕቃ ይዞ ፊቷ ይቆማል። ያን ቀን «ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» ከማለት ይልቅ «ደረሰኝህን አሳየኝና ልቀይርልህ» ማለት ከቻለች ሸማቹም ሠራተኛዋም ተጠበቁ ማለት ነው። የእርምጃው ውጤት መለካት ያለበት በታሸጉ በሮች ብዛት ሳይሆን በዚህ ነው!