ሁለት እሑዶች፣ ሁለት ዓይነት መልስ

የዛሬው ወጋችን ስለ ጋዜጠኝነትና ስለ ተጠያቂነት ነው። ርእሱ እንደሚያሰለች እናውቃለን። «ጋዜጠኝነት ለዴሞክራሲ መጎልበት ያለው ሚና» የሚል ባነር ተሰቅሎ፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሮ፣ የመክፈቻ ንግግር ተደርጎ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ግማሹ ተሰብሳቢ ሳይመለስ የሚቀርበትን ወርክሾፕ ሁላችንም አይተናል። እኛም ዩኒቨርሲቲ ሳለን «አራተኛው መንግሥት» የምትለዋን ሐረግ ሸምድደን ለፈተና ጽፈን ማርክ አግኝተንባታል። ዛሬ ግን ባነሩን አውርደን ጥያቄውን እዚሁ ቢሾፍቱ መሬት ላይ እናድርገው። ለመሆኑ ጋዜጠኛ ሲኖርና ሳይኖር ልዩነቱ ምንድን ነው?

ቢሾፍቱ ለዚህ ጥያቄ በክፉ አጋጣሚ መልስ አላት። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ሁለት ጥቁር እሑዶችን አሳልፋለች። አንደኛው መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በሆራ አርሰዲ የእሬቻ በዓል ላይ የደረሰው እልቂት ነው። ሁለተኛው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ በተነሳ በስድስት ደቂቃው ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነው። ሁለቱም ቀን እናቶች አልቅሰዋል። ሁለቱም ቀን ኃላፊዎች መግለጫ ሰጥተዋል። ከመግለጫው በኋላ የሆነው ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው።

የመጀመሪያው እሑድ

በዚያን ዕለት እጅግ ብዙ ሕዝብ ለምስጋና ሐይቁ ዳር ተሰብስቧል። ኦሮሚያ በተቃውሞ መናጥ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ተቃውሞው መድረኩ ጋ ደረሰ፤ እጆች ከጭንቅላት በላይ ተጣመሩ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሰው በሰው ላይ ተረጋገጠ፤ ብዙዎች ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ቀሩ። መንግሥት መጀመሪያ 52፣ ቆየት ብሎ 55 ሰው ሞተ አለ፤ ምክንያቱ መረጋገጥ ነው፣ የጸጥታ ኃይሎች ሰው ላይ አልተኮሱም አለ። የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ በበኩሉ 678 አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ባወጣው ሪፖርት ለመረጋገጡ መነሻው የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ መሆኑን፣ በጥይት የተመቱም መኖራቸውን ገልጾ ነጻ ምርመራ እንዲደረግ ጠየቀ።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በ55 እና በ678 መካከል 623 ሰው አለ። የምናወራው ስለ ኩንታል ስንዴ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ያን ዕለት ማታ ወይ ቤቱ ገብቷል፣ ወይ አልገባም። ሦስተኛ ነገር የለም። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ፣ ወይም ሁለቱም ቁጥሮች፣ ስህተት ናቸው ማለት ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎም ሁሉም ወገን የሚስማማበት ቁጥር የለንም። መንግሥትን የሚያምን 55 ይላል፣ ተቃዋሚን የሚያምን 678 ይላል። የሟቹ ቁጥር የፖለቲካ አቋም መግለጫ ሆኖ ቀረ!

ታዲያ መቁጠር የሚችለው ሰው ምን ገጠመው? ከእሬቻው ሁለት ቀን በኋላ የዞን ዘጠኝ ጦማሪ የሆነው ናትናኤል ፈለቀ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ታሰረ። ምክንያቱ ሬስቶራንት ውስጥ ተቀምጠው ስለ ሟቾቹና ስለ መንግሥት ተጠያቂነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማውራታቸው ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መከታተል ተከለከለ። በዚያው ጥቅምት አዲስ ስታንዳርድ የኅትመት መጽሔቱን ለማቆም ተገደደ። በዕለቱ ፎቶ አንሺዎች በቦታው ነበሩ፤ ለሮይተርስ የሚሠራው ቲክሳ ነገሪ ያነሳቸው ፎቶዎች ዓለምን አዳርሰዋል። ነገር ግን ፎቶ የሥራው መጀመሪያ ነው። ከፎቶው በኋላ ሆስፒታል የሚገባ፣ ለቅሶ ቤት የሚሄድ፣ ስም የሚመዘግብ፣ የመዘገበውን ይዞ ባለሥልጣን ቢሮ የሚያንኳኳ ሪፖርተር ያስፈልጋል። መንገዱ የተዘጋው በዚህ ሰው ላይ ነው።

ሁለተኛው እሑድ

አሁን ወደ ሁለተኛው እሑድ እንምጣ። በአውሮፕላኑ ውስጥ 157 ሰዎች ነበሩ፤ አንድም አልተረፈም። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነው። ከአምስት ወር በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ገድሏል። ቦይንግ አውሮፕላኑ አስተማማኝ ነው አለ። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም ሌሎች አገሮች ሲያግዱት እሱ እስከ መጋቢት 4 ድረስ አላግድም ብሎ ቆየ። ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የጠቆሙም አልጠፉም። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ ከሞቱ በኋላ ራሳቸውን መከላከል አይችሉም።

ይሁን እንጂ ቦይንግ አውሮፕላኑን በሚሠራበት በሲያትል አካባቢ አንድ ጋዜጣ አለ፤ ሲያትል ታይምስ። የአቪዬሽን ዘጋቢው ዶሚኒክ ጌትስ የቀድሞ የሒሳብ መምህር ነው። ቢሾፍቱ አየር ኃይል ያልሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ማግኘት እንደሚከብድ ሁሉ፣ በሲያትልም የቦይንግ ነገር እንዲሁ ነው። ጋዜጣው የሚያነበውም፣ የሚያማርረውም፣ ምስጢር የሚያቀብለውም እዚያው አካባቢ ያለ ሰው ነው። መጋቢት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከአደጋው በሳምንቱ፣ ጋዜጣው አንድ ዘገባ አወጣ። «ኤምካስ» የተባለው አፍንጫ ደፋቂ ሶፍትዌር በአንድ ዳሳሽ ብቻ እንደሚነሳ፣ ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ በቀረበው የደኅንነት ሰነድ ላይ ጉልበቱ ከእውነተኛው እጅግ ዝቅ ተደርጎ እንደተጻፈ፣ የቁጥጥሩም ሥራ በብዛት ለራሱ ለቦይንግ ተላልፎ እንደነበር ዘረዘረ።

ከዘገባው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ኢትዮጵያዊ አንባቢን ያንገበግባል። ጋዜጣው ለቦይንግና ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ የዘገባውን ዝርዝር ልኮ መልስ የጠየቀው ከመታተሙ 11 ቀን በፊት መሆኑን ይናገራል። አስሉት። የእኛ አውሮፕላን ከመውደቁ አራት ቀን በፊት ማለት ነው። ጥያቄው ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ጋዜጠኛ የሚጠይቀው ጥያቄ አንዳንዴ የሰው ነፍስ ያህል እንደሚመዝን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እኛ አናውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት መረመረ፤ የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሟች ቤተሰቦች ፎቶ ይዘው ከኋላው ቆመው ሳለ ለጥያቄ ቀረበ፤ በዚያው እ.ኤ.አ. 2019 መጨረሻ ከሥልጣኑ ወረደ። በ2020 የአውሮፕላን ፈቃድ አሰጣጥን የሚያጠብቅ ሕግ ወጣ። በ2021 ኩባንያው ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ሲያትል ታይምስም በ2020 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ፍትሕ ሞላ ማለታችን አይደለም። ለፍርድ የቀረበው አንድ የቀድሞ የቦይንግ አብራሪ ብቻ ነው፤ እሱም በ2022 በነጻ ተለቀቀ። ቤተሰቦች ዛሬም ቅሬታ አላቸው። ቢሆንም 157 ሰው ለምን እንደሞተ የሚጠይቅ ልጅ ቢነሳ መልስ አለ። ጥፋቱ ሁሉ በሁለት ወጣት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ላይ ተለጥፎ አልቀረም።

«አውሮፕላን እኮ መዝገብ አለው!»

እዚህ ላይ «ንጽጽሩ ልክ አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖራል። አውሮፕላን የመንገደኞች ዝርዝር አለው፤ ማን እንደገባ ይታወቃል። በዓል ላይ ስም የሚመዘግብ የለም። ከዚያም በላይ ከቦይንግ በኩል የውጭ ዜጎች፣ ጠበቆች፣ ኢንሹራንስ፣ ሀብታም መንግሥታት አሉ። ከሆራ አርሰዲ በኩል የገበሬ ልጆች ናቸው ያሉት።

ልክ ነው። እኛ የምንለውም ይህንኑ ነው! ዝርዝር ባለበት ቦታ ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል፤ ጠበቃ ባለበት ቦታ ጠበቃው ይጮሃል። ዝርዝርም ጠበቃም በሌለበት ቦታ የሚቀረው ጋዜጠኛ ነው። ለሀብታም ሟች ጋዜጠኛ ተጨማሪ ነው፤ ለድሃ ሟች ግን ከጋዜጠኛ ሌላ መዝገብ ላይኖረው ይችላል።

ደግሞስ በአገራችን ሆኖ አያውቅም እንዴ? ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተገደሉትን የሚያጣራ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ምክትል ሰብሳቢው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ የኮሚሽኑን ግኝት ይዘው ከአገር ወጡ፤ በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ለዓለም መገናኛ ብዙኃን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ተናገሩ። ቀደም ሲል ሲነገር ከነበረው የመንግሥት ቁጥር ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለፓርላማ የቀረበውም ሪፖርት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ብሎ ወጣ። ሪፖርቱ የተወሰደው እርምጃ ተገቢ ነበር ብሎ ደምድሟል፤ ቁጥሩን ግን ከዚያ በኋላ መካድ አልተቻለም። አንድ ሰው የያዘው ሰነድ አንድ ጋዜጠኛ እጅ ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው።

በሩ ሲከፈትስ?

ጥፋቱን ሁሉ በመንግሥት ላይ ጭነን ብንሄድ ግን ሙያችንን መሸንገል ነው። በ2010 ዓ.ም. በሩ ተከፍቶ ነበር። የታገዱ ድረ ገጾች ተከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በኢትዮጵያ እስር ቤት ውስጥ አንድም ጋዜጠኛ እንደሌለ ሲፒጄ መሰከረ፤ በ2019 የዓለም የፕሬስ ነጻነት ቀን አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሚዲያ ተከፈተ፤ ብዙ ተወራ፤ ብዙ ተሰደበ። ለሆራ አርሰዲ ሟቾች ግን ሁሉን ያስማማ አንድ የስም ዝርዝር ይዘን አልወጣንም። ስቱዲዮ ተቀምጦ መተንተን ርካሽ ነው፤ ቤት ለቤት ዞሮ ስም መመዝገብ ውድ ነው፣ ያደክማል፣ ላይክም አያመጣም። ከዚያ በሩ መልሶ መጥበብ ጀመረ፤ ጋዜጠኞች እንደገና መታሰር ጀመሩ፤ የተከፈተበት ጊዜም ባክኖ ቀረ።

የፈለግነውን ቁጥር ተቀብለን ማስተጋባታችንም ሌላው በሽታ ነው። 55ን ያለ ስም ዝርዝር ማመን ካልተገባ፣ 678ንም ያለ ስም ዝርዝር ማመን አይገባም። ተጠያቂነት ባለሥልጣንን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ተቃዋሚም፣ ጋዜጠኛም «ከየት አመጣኸው?» ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል።

ሳይርቅ በቅርቡ

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ቢሾፍቱ አሁን ሌላ ትልቅ ነገር ደጇ ላይ ደርሷል። በአቡሴራ በኩል በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ የማስተናገድ ዕቅድ የተያዘለት አውሮፕላን ማረፊያ ታስቧል፤ የአፍሪካ ልማት ባንክ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ገንዘቡን የማፈላለጉን ኃላፊነት ወስዷል። ፕሮጀክቱን አንቃወምም፤ ለከተማችን እንጀራ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን መሬቱ ላይ ገበሬ ነበር። ስንት አባወራ ተነሳ? በካሬ ስንት ተከፈለው? የተሰጠው ቤት ውሃና መብራት ገብቶለታል ወይ? ልጆቹ የት ይማራሉ? ከአምስት ዓመት በኋላ «እከሌ ይህን ያህል አለ፣ እከሌ ያን ያህል አለ» እያልን እንዳንነታረክ፣ አሁን ቤት ለቤት ተጠይቆ፣ ተመዝግቦ፣ ከመግለጫው ጋር ተነጻጽሮ መታተም አለበት።

ይህን ለማድረግ የግድ ትልቅ ጋዜጣ መሆን አያስፈልግም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ ለመልሱ የ30 ቀን ገደብ አስቀምጧል። በተግባር «ደብዳቤ አምጡ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሰኞ ተመለሱ» እንደምንባል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም የተጠየቀ ጥያቄ ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። የሲያትሉ ጋዜጣ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አደጋው ቀደመው፤ ግን ጥያቄው የተላከበት ቀን ዛሬ ማስረጃ ሆኖ ቆሟል።

ስለዚህ «የጋዜጠኝነት ሚና ምንድን ነው?» ለሚለን መልሳችን አጭር ነው። የመጀመሪያው መግለጫ የመጨረሻው ቃል እንዳይሆን ማድረግ ነው። የሆራ አርሰዲ ሟቾች ስም ዝርዝር ሥራ ዛሬም አልረፈደም፤ እናቶቻቸው በሕይወት አሉ፣ ያዩ ሰዎች አሉ፣ የሆስፒታል መዝገብ አለ። መንግሥት ያለውን ዝርዝር ከነስሙ ይፋ ያድርግ፤ 678 ያሉትም የእነሱን ያውጡ፤ ጋዜጠኛው ሁለቱን ይዞ በየቀበሌው ይዙር። ማን አዘዘ፣ ማን ተኮሰ የሚለውን ፍርድ ቤት ይወስን። ስንት ሰው ቤቱ ሳይመለስ እንደቀረ ግን ማወቅ የሁላችንም መብት ነው።