ጥፋቱ የአባባ እጅ አልነበረም

የዛሬው ጽሑፌ ስለ መኪና ቢሆንም የይቅርታ ደብዳቤም ነው።

አባባ 74 ዓመታቸው ነው። እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል የሆነችውን ቮልሳቸውን እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይነዷታል። የምንኖረው ቡራዩ ከታ ነው። ከአምቦ መንገድ ወደ ቤታችን የሚያስገባው ኮረኮንች የቮልሷን ሆድ እየነካ ስላስቸገረ፣ ባለፈው ዓመት ስጦታ ይሆናቸዋል ብዬ ከፊት አራት ጣት ያህል ከፍ አስደረግኩላቸው። ሁላችንም ደስ አለን።

ሁለት ወር ሳይሞላ አባባ ልጄን ከጎናቸው አስቀምጠው እህታቸውን ሊጠይቁ ወደ ሆለታ ሄዱ። ገፈርሳን አለፍ እንዳሉ አንዲት ጉብታ ላይ ሲወጡ መኪናዋ መስመሯን ለቀቀች። ከፊት የሚመጣ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ለጥቂት አለፋቸው። ማታ ልጄ ስትነግረኝ ክው ብዬ ቀረሁ።

«መሪውን አልነካሁትም፤ ራሷ ናት የዞረችው» አሉ አባባ። ማን ይመናቸው! «አባባ፣ እጅዎ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ከእንግዲህ ይብቃዎት» አልኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ምንም አልመለሱልኝም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቮልሷን ወልውለው ወደ ቤት ይገባሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የእኔ መኪና ጋራዥ ገባችና ቮልሷን ይዤ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ደህና ነበረች። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ግን መሪውን ቀጥ አድርጌ እንደያዝኩ ወደ ጎን ሸሸች። ላብ አጠመቀኝ። አላይመንት አሠራሁ፤ ማሽኑ ደህና ናት አለ። አሞርዛተር አስቀየርኩ፤ ያው ናት።

በመጨረሻ አንድ በቮልስ ያረጁ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ከፊቷ ቁጢጥ ብለው አዩና «ማነው ከፍ ያደረጋት?» አሉ። ከዚያ መሪውን ቀጥ አድርገው አሰሩት። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም በሜትር ለኩ። በክሪክ ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ ሲያደርጓት የሜትሩ ቁጥር ተለዋወጠ። መሪው ግን ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ የፊት ጎማ እያንዳንዱ በሁለት ክንዶች ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን አይወጣም። ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ግን በአንድ ጫፉ ስለታሰረ፣ በማጠፊያ እንደተያዘ በር ክብ እየሠራ ይንቀሳቀሳል። ዘንጉ አግድም ሆኖ ሲቀመጥ ልዩነቱ ጥቂት ነው። መኪናዋ ከፍ ስትል ዘንጉ ወደ ጎማው ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ የዘንጉ ጫፍ ወደ ውጭ ይገፋና ማንም ሳያዘው ጎማውን ያዞረዋል። መሪዋ በግራ በኩል በሆነች ቮልስ ደግሞ የግራው ዘንግ አጭር፣ የቀኙ ረጅም ስለሆነ ሁለቱ ጎማዎች እኩል አይዞሩም። ፈረንጆቹ ይህንን ባምፕ ስቲር ይሉታል። አላይመንት የሚለካው መኪናው በቆመበት ስለሆነ አያገኘውም።

መካኒኩ ሌላም ነገር አሳዩኝ። ከእ.ኤ.አ. 1966 ሞዴል ጀምሮ የመጡት ቮልሶች የፊት እግራቸው የተያዘው እንደ ኳስ በሚሽከረከር ቴስቲና ነው። መኪናዋ ከልክ በላይ ከፍ ስትል ቴስቲናው ከሚችለው በላይ ይጣመምና ቶሎ ያልቃል። የእኛዋ አንዱ አልቆ ተገኘ።

ስለዚህ ወደ ቀድሞ ቁመቷ አስመለስናት፤ ያለቀውን ቴስቲና ቀየርን፤ አላይመንቱን ከዚያ በኋላ ሠራን። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ ቁመቱ ሳይወሰን አላይመንት ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቮልስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሞላ ላይ ማስነሻ እያስገባችሁ ዲኤክስም ሆነ ሌላ አሮጌ መኪና ከፍ የምታስደርጉ ወገኖች፣ ከጋራዥ ከመውጣታችሁ በፊት «የመሪውስ ዘንግ እንዴት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከፊት ቁጢጥ ብላችሁ እዩት። በፊት አግድም የነበረው አሁን ካዘቀዘቀ፣ በቁመት ያተረፋችሁትን በመሪ እየከፈላችሁ ነው። መኪናውን ዝቅ ለሚያደርጉትም ያው ነው፤ ዘንጉ የሚያጋድለው በተቃራኒው ነው።

ቁልፉን ለአባባ ስመልስ ራት ላይ ነበርን። የመካኒኩን ማብራሪያ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ከፍ ያስደረግኳት እኔ መሆኔንም አልደበቅኩም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቁልፉን ተቀብለው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና «ብዬህ ነበር እኮ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እሁድ ዕለት ሆለታ ሄዱ። ልጄም ከጎናቸው ነበረች። ኮረኮንቹ ላይ ሆዷ እንደ ድሮው ጋጭ እያለ ነው፤ አባባ ቀስ ብለው ያልፉታል። ለአርባ ዓመት ያለፉት እንዲሁ ነበር።