ወደ ኩባ ደሴት ከቤተሰብ ጋር ለመጓዝ ላሰበ

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ረጅም የቤተሰብ ጉዞ እንነጋገራለን፡፡ መነሻ የሆነን የአንድ የፍኖተ ሰላም አባት ጉዳይ ነው፡፡

እኚህ አባት የማስተምረው የአንድ ልጅ አያት ናቸው፡፡ አባታቸው በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ወድቀው፣ እሳቸው በዘጠኝ ዓመታቸው ወደ ኩባ ተላኩ፡፡ እንደሚታወቀው በ1977 እና በ1978 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው በዚያ ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ አዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የእነርሱም መታሰቢያ ነው፡፡ ከ1979 ጀምሮ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች፣ ብዙዎቹ የሙት ልጆች፣ ከኩባ ዋና ምድር በስተደቡብ በምትገኘው የወጣቶች ደሴት በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ተምረዋል፡፡ ስፓንኛ የሁለተኛ አፍ መፍቻቸው ሆነ፡፡

ካናዳ የሚኖረው ልጃቸው ባለፈው ዓመት፣ «አባባ፣ ያደጉባትን ደሴት ከልጆቼ ጋር እንይ» አላቸው፡፡ እሳቸውም ለእኔ እንዲህ አሉኝ፡- «ባሕሩ አይደለም የናፈቀኝ፡፡ ልብሴን የምታጥብልኝ፣ ስታመም ግንባሬን የምትዳስሰኝ ሴት ነበረች፤ እርሷን ወይም ልጆቿን አግኝቼ ላመስግን፡፡ ሌላው ደግሞ፣ ፋቲሓን የረሳሁት እዚያ ነው፡፡ አስታዋሽ የሌለኝ ልጅ ነበርኩ፡፡ እዚያው መሬት ላይ ሁለት ረከዓ መስገድ እፈልጋለሁ፡፡»

ታዲያ ልጅየው ተቻኩሎ በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ ቲኬት ቆረጠ፡፡ አባት ከፍኖተ ሰላም ተነስተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ፡፡ እዚያም የመተላለፊያ ቪዛ ስለሌላቸው መሳፈር እንደማይችሉ ተነገራቸው፡፡ የቲኬቱ ገንዘብ ቀረ፤ ሻንጣቸውን ይዘው ተመለሱ፡፡ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የችኮላ ነው፡፡ አሁን በድጋሚ እየተዘጋጁ ነውና፣ አብረን ያጠናነውን ለእናንተም እናካፍል፡፡

አንደኛ፣ ከቲኬት በፊት ሰነድ ይቅደም፡፡ ከኢትዮጵያ ወደ ኩባ ቀጥታ በረራ የለም፡፡ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች በኩል ሲያልፍ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣ እንኳ የመተላለፊያ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ እንደ መኖሪያ ፈቃድ ያለ ነፃ የሚያደርግ ሰነድ ያላቸው ብቻ ይቀራሉ፡፡ የኩባን ቪዛ አዲስ አበባ ካለው የኩባ ኤምባሲ ይጠይቁ፡፡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድና የጉዞ የሕክምና መድን አይርሱ፡፡ የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኩባን የጎበኘ ሰው በኋላ አሜሪካ ለመግባት ሲፈልግ ያለ ቪዛ የመግባቱን ዕድል ያጣና መደበኛ ቪዛ ይጠየቃል፡፡

ሁለተኛ፣ ከገጠር የሚነሳ ሰው ለመንገዱ ቀን ይተው፡፡ ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም የሚነሳ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ጠይቆ፣ ከበረራው ቢያንስ ጥቂት ቀናት ቀድሞ አዲስ አበባ ቢገባ ይሻለዋል፡፡ መንገድ በተዘጋ ቁጥር አውሮፕላን አይጠብቅም፡፡

ሦስተኛ፣ ወቅቱን ይምረጡ፡፡ በዚያ አካባቢ ከባድ አውሎ ነፋስ የሚነሳው ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው፤ እኛ ዘንድ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት የክረምት ወራት ከዚያ ውስጥ ይወድቃል፡፡ ደረቁና ለዘብ ያለው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው፡፡ ወደ ወጣቶች ደሴት ከሃቫና በአውሮፕላን፣ ወይም ባታባኖ ከተባለው ወደብ በጀልባ ወደ ኑኤቫ ሄሮና ይኬዳል፡፡ ጀልባውም አውሮፕላኑም ሊቀር ስለሚችል የመመለሻ ቀንዎን አያጣብቡ፡፡

አራተኛ፣ ስለ ምግብና ስለ ሶላት፡፡ ኩባ ውስጥ የአሳማ ሥጋ የዘወትር ምግብ ነው፡፡ ሩዝና ባቄላው እንኳ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር ይበስላል፡፡ ስለዚህ «ሴርዶ» (አሳማ)፣ «ሃሞን» (የአሳማ ሥጋ ዝግጅት)፣ «ማንቴካ» (የአሳማ ሞራ) የሚሉትን ቃላት ልጆቻችሁን አስጠኑ፡፡ ዓሣ «ፔስካዶ»፣ እንቁላል «ዌቮ» ይባላል፡፡ ከቤት ደግሞ በሶ፣ ተምርና ጥቂት በርበሬ ይያዝ፡፡ ቂብላ ከፍኖተ ሰላም ወደ ሰሜን ሲሆን፣ ከሃቫና ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፡፡ በአሮጌዋ ሃቫና ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መስጊድ አለ፡፡ መንገደኛ ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት ማሳጠር ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ስንት ቀን ለመቆየት ሲያስብ ይህ እንደሚቀር መዝሀቦች ይለያያሉ፡፡ ሻፊዒዮች አራት ቀን፣ ሐነፊዮች አሥራ አምስት ቀን ይላሉ፡፡ ከመነሳትዎ በፊት የአካባቢዎን ዓሊም ይጠይቁ፡፡

አምስተኛ፣ ስለ ገንዘብና ስለ መድኃኒት፡፡ በአሜሪካ ባንኮች የተሰጡ ካርዶች ኩባ ውስጥ አይሠሩም፤ ጥሬ ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ ተገዝቶ ይያዝ፡፡ መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋል፤ በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር በሙሉ ተቋርጦ ነበር፡፡ ባትሪና የዘወትር መድኃኒትዎን ከዚሁ ይያዙ፤ እዚያ መድኃኒት እጥረት አለና፡፡ ከሁሉም በላይ ግን ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ያስቀድም፡፡ ላም ተሽጦ፣ ብድር ተበድሮ የሚሄዱበት ሽርሽር ሲመለሱ ጭንቅ ነው፡፡

ውድ ወጣቶች፣ እናንተ ደግሞ ስለ ወላጆቻችሁ አስቡ፡፡ አብዛኞቻችን ሩቅ ደሴት ሄደን አንጎበኝም፡፡ ግን አባታችሁ ወይም እናታችሁ በልጅነታቸው የተረዱበት አንድ ቦታ፣ ያላመሰገኑት አንድ ሰው ይኖራል፤ ቡሬ ገበያ ማዶ ሊሆንም ይችላል፡፡ ጠይቋቸው፣ አብራችሁ ሂዱ፡፡

እኚያ አባት በዚህኛው ዙር ቲኬት አልቆረጡም፤ አስቀድመው የሰነዶቹን ዝርዝር በደብተር ጽፈው አንድ በአንድ ምልክት እያደረጉበት ነው፡፡ ከዝርዝሩ ግርጌ ሁለት ነገር ጨምረውበታል፡- «ነጠላ፣ ለእርሷ» እና «ሙሰላ»፡፡ አላህ ያግራላቸው፡፡